ሰባት ቤት መቁጠር ብቻውን አይበቃም

በገሳይም ሆነ በሌላው የደቡብ ጎንደር ደጋ ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህ ነባር ልማድ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ የሚጠብቅ በመሆኑ ሊከበር ይገባል። ይሁን እንጂ በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ሁሉ በዚህ ቆጠራ የሚገታ አይደለም።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ ሄሞፊሊያ የተባለው የደም አለመርጋት ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት ከሚወለዱ 5 ሺህ ያህል ወንዶች አንዱን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የምታስተላልፈው ጤነኛ የምትመስል እናት ስትሆን፣ ከምትወልደው ወንድ ልጅ እያንዳንዱ የመታመም፣ ከሴቶቹም እያንዳንዷ ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ከሁለት አንድ ነው። ባልና ሚስት ባዕድ ቢሆኑም ይህ አይለወጥም። ከሦስት ሕሙማን የአንዱ ያህል ደግሞ ከዚያ በፊት በቤተሰቡ ታማሚ አልታየም።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በግርዛት ወይም እንጥል በማስቆረጥ ነው። ደሙ አልቆም ሲል ቡዳ በላው፣ የገራዡ እጅ ነው ይባላል፤ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅም ተከታዩ ወንድ ልጅ ለዚያው ምላጭ ይሰጣል።

ስለሆነም ወንድሟ ወይም የእናቷ ወንድም በትንሽ ቁስል ብዙ የሚደማ ወይም ጉልበቱ እየደጋገመ የሚያብጥ ወጣት ሴት፣ ከመውለዷ አስቀድማ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግራ ወደ ሆስፒታል እንድትላክ ያስፈልጋል። የምትወልደው ወንድ ልጅም ሐኪም ሳያየው ሊገረዝ አይገባም። እንጥል ማስቆረጥማ ለማንም ሕፃን ጎጂ ስለሆነ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። አስፕሪንም መድማትን ስለሚያባብስ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ አይሰጥም።

ይህ ዕውቀት ግን ልጃገረዶችን ከትዳር ለማግለል ሰበብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሕመሙ ወገን አይመርጥም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ሊዮፖልድ የዚሁ ሕመም ታማሚ ነበሩ፤ በ1884 ወድቀው በደረሰባቸው መድማት ሞተዋል። በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ የጎደለውን ደም አርጊ ንጥረ ነገር በመርፌ መተካት ተችሏል፤ ይህም የሚጠቅመው ሕመሙ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየስብሰባው ከማዳበሪያውና ከግብሩ ጉዳይ ጎን ይህንንም ለወጣቱ ሊያስረዱ ይገባል። በየዓመቱ ሚያዝያ 9 የሚውለው የዓለም ሄሞፊሊያ ቀንም መልካም አጋጣሚ ይሆናቸዋል። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች «በቤተሰቡ ደሙ የማይቆም ወንድ አለን?» የሚለውን ጥያቄ ቢጨምሩ፣ ጥያቄው ጋብቻን ለማፍረስ ሳይሆን የሚወለደውን ሕፃን ለማዳን ይሆናል።