«ተኩስ አቁም» ለማለት ማን ተፈቀደለት?

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ፣ ከማኅበራችን አባሎች ፈቃደኛ የሆኑት በአንድነት ሄደው የጀማሪዎች የዒላማ ተኩስ ትምህርት እንዲከታተሉ ያቀረብኩት ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ወድቋል። የድምፅ ብልጫን አከብራለሁ። ዳሩ ግን ከተቃወሙት ወንድሞቼ አንደኛው ተነሥቶ «አገራችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያየችው ጥይት አልበቃ ብሎ ነውን፣ እኛ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ተቀምጠን ተኩስ የምንማረው?» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እኔም መልስ አጥቼ ተቀመጥኩ። መልሱ የመጣልኝ ሌሊት ከመኝታዬ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህች ጋዜጣችን በኩል ላቅርበው።

ትምህርቱ አፕልሲድ ይባላል፤ የሁለት ቀን ነው። የሚያስተምሩት ቀይ ቆብ የደፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባለፈው መጸው ብቻዬን በሄድኩ ጊዜ በአንድ ጎኔ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት፣ በሌላው ጎኔ ደግሞ ከአባቷ ጋር የመጣች አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ ነበረች። ለሁላችንም የተሰጠን ካሊበሩ 22 የሆነው ትንሽ ጠመንጃ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የሄድኩት ለመማር ሳይሆን ለማሳየት ነበር። የፈረንሳዩን ፉዚ ግራ ውጅግራ ብሎ የራሱ ካደረገ፣ ስለ ምንሽር ሲፎከር ካደረ ሕዝብ የተወለድኩ ሰው በወረቀት ዒላማ ፊት የሚያፍር አልመሰለኝም። መጀመሪያ ያስተኮሱን አሥራ ሦስት ጥይት ነው። ወረቀቱ የተሰቀለው 25 ሜትር ላይ ሲሆን በላዩ የተሣሉት ምስሎች ግን እያነሱ ይሄዳሉ፤ ትልቁ 100 ያርድ ላይ የቆመ ሰው፣ ትንሹ 400 ያርድ ላይ የቆመ ሰው የሚያህል ነው። እኔ አምስት መታሁ። ልጅቷ ዘጠኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መማር ጀመርኩ። ጠመንጃ የሚያዘው በክንድ ጉልበት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በደረትህ ተኝተህ ማንገቻውን ክንድህ ላይ ታጠብቃለህ፤ የጠመንጃውን ክብደት አጥንትህና ማንገቻው ይሸከሙታል፣ ጡንቻ ያርፋል። ከዚያ ዓይንህን ትጨፍናለህ፤ ትተነፍሳለህ፤ ትገልጣለህ። አፈሙዙ ከዒላማው ወደ ግራ ዞሮ ካገኘኸው በእጅህ ገፍተህ አታቀናውም፤ በእጅ የተገፋ ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ወደ ነበረበት ይመለሳልና። የምታዞረው ገላህን ነው። ትንፋሽህ ወጥቶ ባለቀበት፣ አዲሱ ሳይገባ ባለች አጭር ጊዜ ውስጥ ዓይንህን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ተክለህ ቃታውን ቀስ ብለህ ትስባለህ። ከተኮስክም በኋላ ወረቀቱን ከማየትህ በፊት ጥይቱ የት እንደ ገባ ትናገራለህ። ይህኛው ከሁሉ ያስቸግራል፤ «ወደ ቀኝ ወጣብኝ» ብሎ ራስን አስቀድሞ መክሰስ ነውና። ስሕተትም ከርቀት ጋር ያድጋል፤ 25 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር የሳተ 400 ሜትር ላይ ከ110 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል። በምሳ ሰዓት አስተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ስለ ሆነው ተኩስ ያወራሉ። ዓድዋን ለሚያውቅ ሰው ወሬው እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ጠመንጃ ሳንነካ የተነገሩን አራት ሕጎች ናቸው። አፈሙዝህን ዘወትር ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ አድርግ፤ ትእዛዝ ሳይሰጥህ ጥይት አታጉርስ፤ ማነጣጠሪያህ ከዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣትህን ከቃታ አታግባ። እነዚህን ሦስቱን ማንም ወታደር ያውቃቸዋል። አራተኛው ግን በአጠገብህ ያሉትም እነዚህን ሕጎች መጠበቃቸውን ተመልከት ይላል። አደጋ ያየ ሰው ሁሉ፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ተማሪ ይሁን አስተማሪ፣ «ተኩስ አቁም!» ብሎ መጮኽ ይገባዋል፤ በተጮኸም ጊዜ ሁሉም ያቆማል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ግዙፍ ሰውዬ የወደቀ ቀለህ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጠመንጃው ወደ ጎን ዞረ። ያቺ ልጅ ጮኸች። ሃያ የምንሆን ሰዎች በቅጽበት ዝም አልን፤ ጣቶች ሁሉ ከቃታ ወጡ። ሰውዬው ቀልቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ አስተማሪው አመሰገናት፤ ተኩሱ ቀጠለ። ቁጡብ ያላት አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. በጎጃም በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራው ሲገባ አጎቴ፣ ጠጅ ቀምሰው ነበር፣ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ተኮሱ፤ ደገሙ። ሦስተኛውን ሲተኩሱ አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ነበርና ጥይቱ ከዳሱ ባላ ነጥሮ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻ ገባ። ልጁ ተርፏል፤ ግራ እጁን ግን እስከ ዛሬ ከደረቱ በላይ አያነሣትም። አፈሙዙ ዝቅ ሲል አይቼዋለሁ። ከጎኔ የነበሩት ሦስት ሰዎችም አይተዋል። አክስቴ ብቻ ቀስ ብለው «ኧረ ተው በሉት» አሉ፤ ማን ይበላቸው? ታላቅ ናቸው፣ የቤቱ አባወራ ናቸው፣ በሠርግ ቀን አይዋረዱም። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ለወንድሜ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አገራችን ጠመንጃ የያዘ ሰው አላነሳትም፤ ያነሳት «ተው» የሚል ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ አዋጅ ግን ዳስ ውስጥ ገብቶ የአጎትን እጅ አይዝም። የሚይዘው በአጠገቡ የቆመው ነው። አራተኛው ሕግ አሜሪካን ከጠመንጃ መከራዋ አላዳናትም ቢባል አልከራከርም፤ በየትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ሁላችንም እንሰማለን። እኔ የማወራው ለሃያ ሰዎች አንድ መስመር ላይ ሲሠራ በዓይኔ ስላየሁት ነገር ነው።

ከተነሡት ተቃውሞዎች አንዱ ግን ትክክል ነበር፤ ያን ቀን ሳላመዛዝን ተከራክሬበታለሁና እታረማለሁ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁት፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕግ የተለየ ነገር ከሌላችሁ፣ የዚህ አገር ሕግ ጠመንጃና ጥይት መያዝን ይከለክላችኋል። እኔ የሄድኩት ቋሚ ነዋሪ ስለ ሆንኩ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ቀንሼ መልሼ አቀርባለሁ፤ ሕግ የሚፈቅድልን እንሂድ፤ ለቀራችሁት ደግሞ የመጀመሪያዋን ሰዓት፣ ማለት አራቱን ሕጎች፣ ያለ ጠመንጃ በአዳራሻችን እንማማር። ለዚህ አንድ የመጥረጊያ እንጨት ይበቃናል፤ አንዱ ይዞ ይዞራል፣ የቀረነው መጮኽን እንለማመዳለን። ፈገግ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ እስቲ በአባታችሁ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ጮኻችሁ ሞክሩት።

በክረምቱ ከመካከላችን ብዙዎች ለሠርግ ወደ አገር ቤት ይገባሉ። ኮሚቴው ጉዳዩን ከዚያ አስቀድሞ በአጀንዳ እንዲያሲዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።