ሬሜዲያሎችም የግቢው ልጆች ናቸው

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው «ሬሜዲያል» የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የመጣው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለወደቀ ልጅ ሁለተኛ ዕድል መስጠትን ማን ይጠላል?

ግን ልጁን ግቢ ማስገባትና የግቢው ልጅ ማድረግ ይለያያሉ። የሬሜዲያል ተማሪ ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፣ ላይብረሪ ይገባል። ፈተናውን ካላለፈ ግን ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ወራቱን እንደ እንግዳ ሊያሳልፍ ይችላል። «ላልቆይ ለምን ልልመድ?» ብሎ ጓደኛ ለመያዝም ያመነታል። በዚህ ላይ ከቤተሰብ መራቅ አለ፤ አንዳንዴም የአካባቢውን ቋንቋ አለማወቅ።

ችግሩ ይሄ ስሜት ራሱ ውጤት ይጎዳል። ያልገባውን ለመጠየቅ የሚያፍር፣ ሲከፋው የሚያዋየው ያጣ ልጅ እንዴት ተረጋግቶ ያጠናል?

መፍትሔው የግድ ብዙ ብር አይጠይቅም። በሬሜዲያል ያለፉ ሲኒየሮች አዳዲሶቹን በትንንሽ ቡድን ይያዙ፤ መንገዱን ያውቁታልና። ክበባት በራቸውን ይክፈቱላቸው። የምክር አገልግሎት የት እንደሚገኝ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገራቸው፤ ውጤት ከወጣ በኋላማ ረፍዷል። ላላለፉትም ቴክኒክና ሙያን የመሰለ ቀጣይ አማራጭ ሳይሸኙ በፊት በግልጽ ይነገራቸው።

እናንተ ሲኒየሮች ደግሞ ካፌ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ካያችሁ ምግባችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። ይሄ መመሪያ አይጠብቅም።