በቪትዝ የተገኘ ስም

ሰሞኑን ገንዘብ የቋጠረ ዘመድ ሁሉ ሲያገኘኝ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ «ቢዚ ፎር ኤክስ ይሻላል ወይስ አይዲ ፎር?» በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የመኪና ገበያችን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና የሚፈልግ ሰው ሌላም አማራጭ አለው፤ ግን ዓይኑ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። አንዱ የቶዮታ፣ ሌላው የቮልስዋገን። ወደ እኛ የሚመጡት በአብዛኛው ከቻይና ነው፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ከቻይና አምራቾች ጋር በሽርክና እዚያው ይሠሯቸዋል።

ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ምክር ሳይሆን ምርቃት ፈልጎ ነው። «ያው ቶዮታ ቶዮታ ነው» ብሎ ይጀምርና «አይደል እንዴ?» እስክትለው ይጠብቃል።

አልፈርድበትም። ሚኒባስ ታክሲያችን ሃይ ኤስ ነው፤ ገጠር የሚገባው ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ነው፤ ኮሮላ ዲኤክስ ስንት ባለቤት እንደቀያየረ ሊብሬው ራሱ የሚያስታውስ አይመስለኝም። የቪትዝ ስፖኪዮ ቢሰበር ሶማሌ ተራ ወርዶ ተከራክሮ መመለስ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። እንዲህ ያለ እምነት በማስታወቂያ አይገኝም።

ነገር ግን ይህ ስም በምን ተገኘ? በሞተርና በካምቢዮ። ዘይቱ በጊዜው ባይቀየርለት የሚታገሥ፣ ያገኘውን ቤንዚን የሚጠጣ፣ ማንም ፈትቶ ማንም የሚገጥመው ሞተር ነው ቶዮታን ቶዮታ ያደረገልን። ቢዚ ፎር ኤክስ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም። ባትሪ፣ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ኢንቨርተርና ብዙ ሶፍትዌር ነው ያለው። ቶዮታ ደግሞ በዚህ ሙያ ዘግይቶ የገባ ነው፤ ከፕሪየስ፣ ማለትም ከአውሮፓውያኑ 1997 ጀምሮ ልቡ ያለው ሃይብሪድ ላይ ነበር። ቢዚ ፎር ኤክስን የሠራው ከሱባሩ ጋር ተጋግዞ ሲሆን፣ የሱባሩ ሶልቴራ የሚባለው መኪና መንትያው ነው።

ገበያ እንደወጣ የገጠመው ነገር ደግሞ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነው። በአውሮፓውያኑ ሰኔ 2022 ቶዮታ ወደ 2,700 የሚጠጉ መኪኖችን መልሶ ጠራ። ባትሪው ተቃጥሎ ወይም ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ የጎማው ቡሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ ነው። መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ «አትንዷቸው» ተባለ፤ ከባለቤቶቹ መኪናቸውን መልሶ እስከ መግዛት ተደረሰ። ያ ችግር በዚያው ዓመት ተስተካክሏል፤ እኛ ጋ በሚመጡት ላይ አለ ማለቴም አይደለም። ያነሣሁት ስም ቡሎን እንደማያጠብቅ ለማሳየት ነው።

ቮልስዋገኑም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። የአጎቴን ልጅ ይዤ አይዲ ፎር ልናይ ሄደን ነበር። የሾፌሩ በር ላይ ያለው የመስኮት ማዘዣ ሁለት ብቻ ነው፤ ለአራት መስኮት። የኋላውን ለመክፈት መጀመሪያ አንዲት ምልክት በጣት ይነካል፤ ያኔ እነዚያው ሁለቱ ለኋላ ማገልገል ይጀምራሉ። የአጎቴ ልጅ የኋላውን ሊዘጋ ብሎ የፊቱን ከፈተ፤ የፊቱን ሊዘጋ ብሎ ደግሞ የኋላውን አወረደ። ሻጩ «ይለመዳል» አለ። የድምፅና የሙቀት መጨመሪያውም የሚጫን ሳይሆን በጣት የሚዳሰስ ነው፤ ቀደም ባሉት ሞዴሎች ላይ ጭራሽ መብራት ስለሌለው ማታ በዳበሳ ነው። ኩባንያው ራሱ ኋላ ላይ ነገሩ እንዳላዋጣው ገብቶት በሚቀጥሉት መኪኖቹ ላይ የሚጫን ቁልፍ ለመመለስ ወስኗል። ይህ ግን ከወራት በኋላ የሚረሳ ንዴት ነው። እኔን ብዙም አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በኮብልስቶን ዳገት ወጥቶ፣ ከሁለት አጥር መሀል ተጠማዞ ግቢ የሚገባ ስንት ሰው አለ። አይዲ ፎር ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማዎቹ ብዙ የመዞር ነፃነት አላቸው፤ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 10 ሜትር ከትንሽ ይበቃዋል። ቢዚው ከ11 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ አንድ ሜትር ምንም አይደለም፤ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ግን አንዴ ዞሮ በመሄድና ከኋላ ጡሩንባ እየተነፋብህ ወደፊት ወደኋላ በማለት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ዳገትም ላይ እንዲሁ ነው። መኪና ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ስለዚህ የኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና ይቆነጥጣል፣ የፊት ጎማው የሚጎትት ደግሞ በሐምሌ ጭቃ ላይ ይሽከረከራል። ተራው ቢዚ ፊቱ ነው የሚጎትተው፤ ተራው አይዲ ፎር ኋላው ነው የሚገፋው። የሁለቱም አራት ጎማ የሚነዳ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ሐምሌን ካነሣን አይቀር፣ እኔ ያየኋቸው ቢዚዎች የኋላ መስታወት መጥረጊያ የላቸውም። ነፋሱ ያጥበዋል ተብሎ ነው አሉ። የአዲስ አበባን ጭቃ የሚያጥብ ነፋስ በየትኛው ፍጥነት ሲነዳ እንደሚገኝ የሠራው መሐንዲስ ቢነግረን ጥሩ ነበር። የዳሽቦርድ ኪስም የለውም፤ ሊብሬና ቦሎ ያለበትን ፌስታል የት እንደምታስቀምጥ አስብበት።

አሁን ደላላው ወደሚወደው ቁጥር እንምጣ። «በአንድ ቻርጅ 615 ኪሎ ሜትር!» ይላል ስለ ቢዚ። ይህ ቁጥር የቻይና መለኪያ የሰጠው ነው። ትልቁ ባትሪ 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለ615 ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 በታች ይመጣል። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና እንደዚያ የሚሄደው ቀስ እያለ፣ በሜዳ፣ ያለ ጭነት ነው። 16 ገደማ ይበላል ብሎ ያሰበ ሰው ግን 400 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል፤ እሱን መያዝ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያው ቻይና ውስጥ 50.3 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በራሳቸው መለኪያ እንኳ 400 የሚባል ቢዚ አለ። ከውጭ ሲታይ ወንድሙን ነው የሚመስለው። አይዲ ፎርም በትንሽና በትልቅ ባትሪ ይመጣል፤ ትልቁ ከ80 ያልፋል። ስለዚህ «ቢዚ በዚህ ዋጋ አገኘሁ» የሚል ሰው የትኛውን እንዳገኘ አልነገረንም።

ዳገት ደግሞ የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሰው ሞልቶ 2.4 ቶን የሚደርስ መኪና ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ከርቀቱ ፍጆታ ሌላ፣ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በሜዳ 25 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። ሲወርድ ሞተሩ መልሶ ስለሚያመነጭ ከፊሉ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው አዳማ ሲደርስ ባትሪውን አይቶ የተደሰተ ሰው ሲመለስ የሚደነግጠው።

ለከተማ ግን የባትሪ መጠን ጨርሶ አያጣላም። ተራ ሶኬት በ10 አምፔር ቢሰካ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሌሊቱን አሥር ሰዓት ቢያድር ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በቀን ይህን ያህል የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ አላውቅም። ጥያቄው ሶኬቱ የት ነው የሚለው ነው። የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እየኖረ በመስኮት ማራዘሚያ ገመድ የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ፤ ሽቦው ሌሊቱን ሙሉ ይግላል፣ ከሥሩ ሕፃናት ይጫወታሉ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ከቆጣሪ በደንብ የተዘረጋ መስመር የሌለው ሰው ስለ ቢዚና አይዲ ፎር ከመከራከሩ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥራ። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ስብሰባም ይቻለው።

ጥገናው ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ እኩል የሚያሳስቡ። አምራቹ ለቻይና ገበያ የሰጠው ዋስትና ቻይና ነው የሚሠራው። ኢንቨርተር ሶማሌ ተራ አይገኝም፣ የቶዮታም ቢሆን። ለቢዚ ምስክርነት የምሰጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጎማ። የቢዚ አራቱም ጎማ አንድ ልክ ነው፤ ዝቅ ባለው ዓይነት ላይ ባለ 18 ቸርኬ ስለሆነ ጎማው ወፍራም ነው፣ ጉድጓድ ይችላል። የአይዲ ፎር የኋላው ከፊቱ ይሰፋል፤ ፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ መጨረስ አይቻልም፣ ጎሚስታው ጋ ሁለት ዓይነት ልክ ነው የሚፈለገው። በትልቅ ቸርኬ ከመጣማ ለጉድጓዶቻችን ስለት ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ የምገዛው አይዲ ፎርን ነው፤ ባለ ትልቅ ባትሪውን፣ ኋላው የሚገፋውን፣ ቸርኬው ትንሽ የሆነውን። ለአጎቴ ልጅም እንዲህ አልኩት። «ሲሸጥስ?» አለኝ። እዚህ ላይ ረታኝ። ገበያው ቶዮታን ያምናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሸጥለት ደላላ ስለ መዞሪያ ስፋት አይሰማውም፤ አርማውን አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ቢዚን ይግዛ። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ግን 66.7 መሆኑን በወረቀቱ ላይ በዓይኑ ይይ።