ኖኅ የረገመው ማንን ነው?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ዶርማችን ውስጥ ወሬ ደርቶ ነበር። ወሬው ከካፌ ምግብ ተነስቶ፣ በኳስ በኩል አልፎ፣ እንደተለመደው የሀገራችን ድህነት ላይ አረፈ። ይሄኔ አንዱ ጓደኛችን ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «ተዉት ባካችሁ፣ እኛ የካም ልጆች ነን። ኖኅ ረግሞናል፣ ብንለፋም ዋጋ የለውም» አለ። የሳቀው ሳቀ፣ ዝም ያለውም ዝም አለ። «የት ተጽፏል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። «ምንጭህ ማነው?» እየተባልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው እኮ!

በማግስቱ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። ታሪኩ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ ወይን ተከለ፣ ጠጥቶ ሰከረ፣ በድንኳኑም ውስጥ ራቁቱን ሆነ። ካም አይቶ ለወንድሞቹ ተናገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው አባታቸውን ሸፈኑት። ኖኅ ሲነቃ ረገመ። ማንን? ካምን አይደለም፣ ከነዓንን ነው! ከነዓን ከካም አራት ልጆች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኩሽ፣ ምጽራይምና ፉጥ ናቸው። በግሪኩ ትርጉም በብዙ ቦታ «ኢትዮጵያ» እየተባለ የተተረጎመው ኩሽ በእርግማኑ ውስጥ ስሙ የለም። ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ቃል አልተጻፈም። እንዲያውም ምዕራፉ የሚጀምረው እግዚአብሔር ኖኅንና ልጆቹን፣ ካምንም ጨምሮ፣ ሲባርክ ነው። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌም የተረገመው ከነዓን ነው ይላል።

ሙስሊም የሆነውን የዶርም ጓደኛዬን ስጠይቀው ቁርኣን ውስጥ የወይኑም የእርግማኑም ታሪክ እንደሌለ ነገረኝ። በቁርኣን ነቢዩ ኑሕ 950 ዓመት በሕዝቡ መካከል የኖረ አስጠንቃቂ ነው፤ 71ኛው ሱራም በስሙ ይጠራል። በሱራ ሁድ እንደተተረከው ከልጆቹ አንዱ አልሰማ ብሎ ሰጥሟል። የነቢይ ልጅ መሆን አላዳነውም። ዘር ካላዳነ፣ ዘር እንዴት ያስኮንናል?

ታዲያ «የካም እርግማን» ከየት መጣ? ከጊዜ በኋላ በአይሁድም፣ በክርስቲያኑም፣ በእስልምናውም ዓለም የከነዓንን እርግማን ወደ ካም ያዞሩ፣ ጥቁረትንም የጨመሩበት ተርጓሚዎች ተነሱ። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ኦሪት ስለ ጥቁረት አንዳች እንዳልተናገረ፣ የቆዳ ቀለም የአየር ጠባይ ጉዳይ መሆኑን አስረድቶ ነበር። የሰማው ግን ጥቂት ነው። የአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች ባርነት እስከ ተሻረበት እስከ 1865 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህንኑ አባባል ከመድረክ ሲሰብኩት ኖረዋል። ባርነትን የወለደው ይህ አባባል ነው አልልም፤ የወለደውስ ጥቅም ነው። አባባሉ ግን የኅሊና ማስተኛ ሆኖ አገልግሏል። አሳፋሪው ነገር እኛም ጠቆር ያለውን ወንድማችንን ለመናቅ፣ ሲከፋንም ራሳችንን ለመናቅ ስንጠቀምበት መገኘታችን ነው።

«ከነዓንስ ቢሆን በአባቱ ጥፋት ለምን ይረገማል?» የሚል አይጠፋም። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። የእኔ ጥያቄ የጋዜጠኛ ነው። አንድ ስም በሌላ ስም ተተካ፣ አንድ ቅጽል ተጨመረ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ከሰው እየሰማ አስተላለፈው። ዛሬ ዜና ላይ የምንሠራው ስሕተት ከዚህ በምን ይለያል? «ሁሉም የሚያውቀው ነገር» ምንጭ አይደለም። እንዲያውም ቀድሞ መጣራት ያለበት እሱ ነው።

ያገኘሁትን ለጓደኛዬ ሳሳየው ገጹን ሁለቴ አነበበና «ታዲያ ለድህነታችን ማንን እንውቀስ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። እርግማን ካለብን ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ የሚዘግበው ጉዳይም የለም። እርግማን ከሌለብን ግን የሚጠየቅ ሰው አለ፣ የሚጠይቅም ያስፈልጋል። እኛ እዚህ ትምህርት ክፍል የገባነው ለዚህ መሰለኝ።