ፍሬቻ ለማን ነው?

ባለፈው እሑድ ጠዋት ላምበረት፣ በራችን ላይ የቆመችውን የቤታችንን አሮጌ ኮሮላ ፍሬቻ ስንፈታ ዋልን። «ዋልን» እንኳ ማጋነን ነው፤ ሥራው በሰላሳ ደቂቃ አልቋል። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የቀኝ የኋላው ፍሬቻ ከሞተ አራት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፣ እኛም እናውቃለን። በዚሁ አራት ወር ውስጥ ግን ቴፑን አሠርተናል፣ የወንበር ልብስ ቀይረናል፣ መኪናዋንም ደጋግመን አሳጥበናታል።

ካቻቢቴ ያስነሳን ሕሊናችን ቢሆን ደስ ባለን። ያስነሳን ድንጋጤ ነው። ከመገናኛ ስንመጣ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈራችን ልንታጠፍ ፍሬቻ ሰጠን። ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከኋላ ግን ምንም የለም። በቀኛችን ሞተር ሳይክል ይመጣ ነበር። ልጁ ፍሬን ይዞ፣ ተንሸራቶ፣ የእግረኛው ጠርዝ ጋ ቆመ። እግዜር ይመስገን አልወደቀም። ቀና ብሎ አየንና «ፍሬቻ የላችሁም እንዴ?» አለን። ምን ይመለሳል? «አለን፣ ግን አይሠራም፣ እንደማይሠራም እናውቃለን» ይባላል?

እናላችሁ፣ መኪናዋ ራሷ ለአራት ወር ስትነግረን ኖራለች። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ቀጭቀጩ ከወትሮው ይፈጥን ነበር። በብዙ መኪኖች ላይ ይሄ ማለት በዚያ በኩል አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌይ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲቀንስበት ይፈጥናል። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው።

የእናንተ በሁለቱም በኩል ጠፍቶ ከሆነ፣ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። አራቱም ከበሩ አምፖሎቹ ደህና ናቸው፤ የፍሬቻውን ፊውዝ ወይም መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ጠርጥሩ። አራቱም ዝም ካሉ ፊውዝ ወይም ሪሌይ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ጭል ጭል ካለ ደግሞ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፣ ወደ መኪናው ብረት የሚመለሰው ሽቦ ዝጓል ወይም ላልቷል። ፊውዝ ሲቃጠል በራሱ መጠን ቀይሩ። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መሰካት የሰፈራችን ጥበብ ነው፤ ፊውዙ መቃጠሉን ቢተው የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

የእኛዋ ችግር ባለ 21 ዋት አንድ አምፖል ነበረች፤ መቀመጫዋም ዝጎ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። አንድ ጎረቤታችን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ልጆች፣ ተው ይይዛችኋል!» አሉን። አይዝም ጋሼ፣ የመኪና 12 ቮልት ሰው አይዝም። ሽቦና ብረት ከተነካካ ግን ያቃጥላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍተን ነው የጀመርነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አራት ወር ምን አስቀመጠን? ገንዘብ እንዳንል፣ እውነት ነው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ነገር አይነሳም። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለም እነዚህ አሮጌዎች ገና ብዙ ያገለግሉናል። አምፖል ግን ዛሬም ከርካሾቹ የመኪና ዕቃዎች አንዱ ነው። የእኛ ምክንያት ሌላ ነው። ቴፕ ለእኛ ነው፣ የወንበር ልብስ ለእኛ ነው። ፍሬቻ የሌላ ሰው ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ የማይጠቀምበት እሱ ብቻ ይመስል፣ ወረፋው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲሆን ግን እንዴት እንደሚበራ እናውቃለን።

ቃሉ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍላጻ ማለት ነው። በ1930ዎቹ የአውሮፓ መኪኖች ከጎናቸው ብቅ የምትል ክንድ ነበረቻቸው፤ አሜሪካዊው ቡዊክ በ1939 እ.ኤ.አ. ብልጭ ድርግም የሚለውን ይዞ መጣ። እኛ ጋ ክንዷ ገና አልቀረችም። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት እጁን ዘርግቶ መንገድ ሲለምን አይታችኋል። በእሱ ስንስቅ ኖረናል፤ ለካ እሱ ከእኛ ይሻላል፣ ቢያንስ ለሰው ይናገራል።

«ፍሬቻ ብትሰጡ ማን ያስገባችኋል? ጭራሽ ይፈጥኑባችኋል» የሚሉን አሉ። መገናኛ አካባቢ ለሚነዳ ሰው ይሄ ሐሰት አይደለም፤ እኛም ፍሬቻ አይተን የፈጠንንበት ቀን አለ። ነገር ግን መንገዱ ላይ ያሉት ተሽቀዳዳሚዎች ብቻ አይደሉም። ልጇን አዝላ ጠርዝ ላይ የቆመችው እናት፣ ከመናኸሪያው ሻንጣ ተሸክሞ የወጣው መንገደኛ፣ ያ ባለ ሞተር ልጅ፣ እነዚህ ከእኛ ጋር እልህ የላቸውም። የሚፈልጉት ወዴት እንደምንሄድ ማወቅ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር አንባቢን ሳያስጠነቅቁ መታጠፍ ነውር እንደሆነ ተነግሮናል። አንባቢ ቢበዛ ጽሑፉን ይተወዋል፤ እግረኛው ግን ምን ይተዋል?

አምፖሏን ከከተትን በኋላ መሪው ጋ ተቀምጠን ፍሬቻ ሰጠን። መሥራቷን ከወንበራችን ሆነን ልናይ አልቻልንም። ታናሽ ወንድማችን ከኋላ ቆሞ «በራ!» ሲለን ነው ያወቅነው።