የትናንቱን መዝገብ ስለ መጠበቅ

በሆሣዕና አካባቢ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የደረሰውን ነገር በዚህ ወር እናወጋችኋለን። ለልጃቸው ጋብቻ የጥምቀት ማስረጃ ሊያወጡ ከዱራሜ ወገን የመጡ አንድ አባት፣ የተሰጣቸውን ወረቀት አንብበው፣ «አባታችን፣ ልጄ እኮ ሴት ናት፤ እንዴት ገብረ ሚካኤል ተባለች?» ብለው ካህኑን ጠየቁ።

ነገሩ ሲመረመር፣ የመዝገቡ ጸሓፊ ከሦስት ወር በፊት በኮምፒዩተር የሰፈሩትን ስሞች በፊደል ተራ ሲያስተካክል፣ የመጠሪያ ስሙን ዐምድ ብቻ አንቀሳቅሶ፣ የክርስትናው ስምና የክርስትና አባቱ ስም በነበሩበት እንዲቀሩ አድርጎ ኖሯል። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም እንዳንል፣ ነበረ፤ ጸሓፊው በየሳምንቱ በፍላሽ ይገለብጥ ነበር። ነገር ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ስለሚጽፍ፣ ስሕተቱንም ጭምር በትጋት ገለበጠው። በኢንተርኔት የተቀመጠውም ቅጂ የቀድሞውን መልክ የሚይዘው ለ30 ቀን ብቻ ነበርና፣ ስሕተቱ ሲታወቅ ትክክለኛው ከተሰረዘ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

መዝገቡን ለማቃናት ከረዱት መካከል እኛም ነበርን። የቀድሞዎቹ ዓመታት ከወረቀቱ ባሕረ መዝገብ ተገኙ፤ የኋለኞቹን ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞርን፣ የክርስትና አባቶችንና እናቶችን እየጠየቅን ሰበሰብን። ያጠመቋቸው ካህን ያረፉ፣ የክርስትና አባታቸውም ከአገር የወጡ ጥቂት ልጆች እስከ ዛሬ አልተቃናላቸውም።

ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን መጽሐፍ ቀድዶ በእሳት ባቃጠለ ጊዜ፣ ነቢዩ በሕይወት ነበርና ለባሮክ ዳግመኛ አጻፈው። የእኛን መዝገብ ግን ጸሓፊው ካረፈ በኋላ ማን ያጽፈናል?

አበው ይህን ያውቁ ነበር። በግራኝ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት መሸሻቸው ሲነገር የኖረ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮም የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ አንዱም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙውን ክፍል በካታሎግ ዘርዝረውታል። ይህ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ቅጂ የሚሰጠው ጥቅም ነው። የቀድሞውን መልክ ስለ መጠበቅ ደግሞ የአንድምታ መምህራንን እንመልከት፤ ያለፈውን ትርጓሜ አይፍቁም፣ «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያስከትላሉ እንጂ።

እንግዲህ ለሰበካ ጉባኤም ሆነ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ሰብም ፎቶግራፍ ቢሆን፣ የቅጂ ማስቀመጫ ስንመርጥ እነዚህን እንጠይቅ።

1ኛ፤ የቀድሞውን መልክ ስንት ቀን ያቆያል? ለምሳሌ ጉግል ድራይቭ፣ ከኮምፒዩተር የተጫነ ፋይል በአዲስ ሲተካ፣ ለዘለቄታው እንዲቆይ ካልታዘዘ በቀር፣ አሮጌውን ከ30 ቀን በኋላ ወይም ቅጂው 100 ሲሞላ ሊሰርዘው ይችላል። የጥምቀት መዝገብ ስሕተት የሚታወቀው ልጁ ለትምህርት ወይም ለጋብቻ ሲደርስ ነውና፣ ለእንዲህ ያለው 30 ቀን አይበቃም። ቢያንስ የየዓመቱ መልክ ቀን ተጽፎበት ለዘለቄታው ይቀመጥ።

2ኛ፤ ማስቀመጫ ነው ወይስ ማመሳሰያ? ማመሳሰያ ማለት በዚህ የሰረዝነውን በዚያም የሚሰርዝ ነው፤ ይህ መስታወት እንጂ ጎተራ አይደለም።

3ኛ፤ በመስመራችን ይጓዛልን? ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን፣ 1 ጊጋባይት ለመላክ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉን እንደ ገና ሳይሆን የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚልከውን እንምረጥ። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በአገራችን ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ አንርሳ፤ ሌላ ቅጂ በሃርድ ዲስክ በእጃችን ይኑር።

4ኛ፤ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? በአንድ ሰው ልብ ብቻ የተያዘ ቁልፍ ከሰውዬው ጋር ይቀበራል። ሁለት ታማኞች ይወቁት፤ በየዕለቱ የሚጽፈው ሰው ግን የቀድሞውን ቅጂ ለመሰረዝ ሥልጣን አይኑረው።

5ኛ፤ ተመልሶ ይመጣልን? በዓመት አራት ጊዜ አንድ ፋይል መልሰን አውርደን፣ ከፍተን እናንብበው። ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ሀብት አይደለም።

እኒያ አባት የልጃቸውን ትክክለኛ ስም ያገኙት ከክርስትና እናቷ አፍ ነው፤ ወለተ ማርያም ነበረች። የክርስትና እናቷ በሕይወት ባይቆዩ ኖሮ፣ በሠርጉ ሳምንት ምን ይደረግ ነበር? በዚህ ጾም መግቢያ፣ በየሰበካው ያሉ ወንድሞችና እኅቶች መዝገባቸውን ከፍተው ይህን እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ስማችንን በሕይወት መጽሐፍ የጻፈ አምላክ፣ እኛም የልጆቻችንን ስም ሳናዛባ የምንጠብቅበትን ትጋት ያድለን፤ አሜን።