የሐርላ ድንጋይና የፈተና ወረቀት

ልጆች ሆይ፤ ከድሬ ዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሐርላ የምትባል መንደር አለች። በዚያ ከጥንት ዘመን የቀረ የግንብ ፍርስራሽ ይታያል፤ ድንጋዩም ታላላቅ ነው። ገበሬውም መሬቱን ሲያርስ አንዳንድ ጊዜ የሩቅ አገር ገንዘብ ያገኝ ነበር። ሰዎችም ይህን አይተው፥ «ይህን ድንጋይ ተራ ሰው ሊያነሣው አይችልም፤ በዚህ አገር የኖሩት ግዙፋን ናቸው» ይሉ ነበር። አባት ለልጁ፥ ልጅም ለልጁ ይህንኑ ነገር አወረሰ።

በኋላ ግን የጥንት ነገር መርማሪዎች ወደ ሐርላ መጡ፤ አለቃቸውም በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ቲሞቲ ኢንሶል ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 ዓመት ሥራቸው በዓለም ተሰማ። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድና የጌጥ መሥሪያ ቦታ አገኙ። ከመቃብር የወጣውንም አጽም በመረመሩ ጊዜ ቁመቱ እንደ ማንኛውም ሰው ቁመት ሆነ። የሐርላ ሰዎች ከሩቅ አገር ጋር የሚነግዱ ብልሃተኞች ነበሩ እንጂ ግዙፋን አልነበሩም።

እንግዲህ ልብ በሉ። መርማሪዎቹ የሰሙትን ነገር አልናቁም፤ ዳሩ ግን በመስማት ብቻ አልፈረዱም። ጠየቁ፥ ቈፈሩ፥ ለኩ፥ ከዚያም በኋላ ተናገሩ። ሳይንስ የሚባለውም ትምህርት ይኸው ነው።

እናንተ ዛሬ ገና ንባብ ትማራላችሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃችኋል። የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ በፊዚክስ፥ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይፈተናል። ይህም ፈተና ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተና ከመቶ ተፈታኝ የነጥቡን እኩሌታ ያገኘው 3.3 ብቻ ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ አለ። እንዲህም ሆኖ እኩሌታውን ያላገኘው እጅግ ይበዛል።

አንዳንዱ ሰው መጽሐፍ አነሰ፥ ቤተ ሙከራም የለም ይላል፤ ይህ በብዙ ቦታ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ እላለሁ፤ ይኸውም ያልተረዱትን ነገር በቃል መያዝ ነው።

አንድ ቀን በክፍሌ «እፍግታ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ተማሪ ፈጥኖ ተነሣና፥ «መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል ነው» አለ፤ መልካም መለሰ። «እንግዲያስ ይህን ድንጋይ ለሁለት ብንከፍለው የእያንዳንዱ እፍግታ ምን ይሆናል?» ብለው፥ «እኩሌታ ይሆናል» አለኝ። ከጓደኞቹም የሚበዙት እንዲሁ አሉ። እኔም ሚዛንና ውሃ ያለበት መለኪያ አመጣሁ። ድንጋዩ 540 ግራም መዘነ፤ ውሃ ውስጥ ሲገባም ውሃውን በ200 ሚሊ ሊትር ከፍ አደረገው። 540 ለ200 ሲካፈል 2.7 ነው። እኩሌታው ድንጋይ 270 ግራም መዘነ፤ ውሃውንም በ100 ከፍ አደረገው፤ ይህም ደግሞ 2.7 ሆነ። ልጁም ድንጋዩን በእጁ እያገላበጠ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይህን ነገር አልሳተም። ቃሉን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ነገሩን ያወቀው ግን በዚያ ቀን ነው።

እኔ በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝና በቃል መያዝን አልነቅፍም። ያልያዙትን ነገር ሊያስቡበት አይቻልም። ነገር ግን በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ቢያሰማ ተቀኘ አይባልም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት። የሳይንስም ፈተና እንዲሁ ነው፤ የተማራችሁትን ሕግ ባላያችሁት ነገር ላይ እንድታውሉት ይጠይቃል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምራችሁ ይህን ልማድ ያዙ። አንደኛ፥ ያልገባችሁን ነገር ሳታፍሩ መምህራችሁን ጠይቁ፤ የላይኛው ክፍል ትምህርት በታችኛው ላይ የቆመ ነውና፥ ከታች የጐደለ ድንጋይ ከላይ ያለውን ያናጋል። ሁለተኛ፥ መጽሐፉን ከድናችሁ ያነበባችሁትን በራሳችሁ ቃል ተናገሩ፤ በማግስቱም፥ በሳምንቱም፥ በወሩም ተመለሱበት። ሦስተኛ፥ ስሕተታችሁን የምትጽፉበት ደብተር ይኑራችሁ፤ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ሳታችሁም ጻፉ። አራተኛ፥ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ፥ መለኪያውንም አስተውሉ። ባቡር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ብትጠየቁ መልሱ 20 ነው፤ ሳያስተውል 72 ብሎ የሚመልስ ግን ብዙ ነው። አምስተኛ፥ በፈተና ቀን አንዱ ጥያቄ ቢከብዳችሁ እዚያ ቆማችሁ ጊዜ አትጨርሱ፤ የምታውቁትን ሠርታችሁ ወደ እርሱ ተመለሱ። ሌሊቱንም ተኙ፤ ያልተኛ አእምሮ የሚያውቀውን ይረሳልና።

የፈተና ወረቀት ለመስረቅ የሚሻ ሰው ቢመጣባችሁ ግን አትስሙት። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ለሁሉ ተሰርዞ እንደ ገና ተሰጠ። ጥቂቶች ሰረቁ፤ ሌሊት በኵራዝ ያጠናው ምስኪን ልጅ ግን ከነርሱ ጋር ተቀጣ። ደግሞም በስርቆት ያለፈ ሰው ሐኪም ቢሆን የሚጐዳው በሽተኛው ነው፤ ድልድይ ቢሠራ የሚወድቀው መንገደኛው ነው።

ልጆች ሆይ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘውን ተማሪ ስታዩ፥ «የእርሱ አእምሮ የግዙፍ ነው፤ እኛ አንችልም» አትበሉ። የሐርላን ግንብ ያዩ ሰዎችም እንዲህ ብለው ነበር። ቢለካ ግን ሠሪዎቹ እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ግንቡንም ያቆሙት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተም ዛሬ አንድ ድንጋይ አኑሩ፥ ነገም ሌላ።